ሻምበል፣ ስለ ስንቁ ንገራቸው

ከጅማ፣ ከቆጪ ሰፈር አንድ ጡረታ የወጣ መኮንን ረዘም ያለ ደብዳቤ ጽፎልኛል። ሁሉንም ማውጣት ስለማይቻል ዋና ዋናውን ላስቀምጥ።

«እትዬ፣ 47 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት ሰቃ ጨቆርሳ፣ ያደግኩት ጅማ ነው። በ1990 የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ትምህርቴን ትቼ ዘመትኩ። በ1991 ጾረና ግንባር ላይ ቆሰልኩ። ከዚያ በኋላ ስንቅና ትጥቅ ክፍል ተመደብኩ፣ ለሰላም ማስከበርም በሱዳንና በደቡብ ሱዳን መካከል ወዳለችው አብዬ ሄጄ ነበር። በ2014 እግሬ አላስቀምጥ ሲለኝ በሻምበልነት ተሰናብቼ ጅማ ገባሁ። አሁን የሰፈሩ ሰውና የድሮ ጓዶቼ ለጨፌ ኦሮሚያ፣ ለክልሉ ምክር ቤት፣ ተወዳደር ይሉኛል። ሰው ያከብረኛል፤ ዕድር ስብሰባ ላይ ተነስቼ ‹ጸጥታ!› ስል ቤቱ ቀጥ ይላል። አንድ ፓርቲም አናግሮኛል፣ እኔ ግን በግል መቅረብ ይሻለኛል ብያለሁ። ለቅስቀሳ ገንዘብ ስለሌለኝ ያለችንን ቦታ ልሽጥ ስል ባለቤቴ ‹አንገቴን ብትቆርጠኝ አልፈርምም› አለች። በዚያ ላይ ባለፈው ሰሞን አንድ የባጃጅ ልጅ ‹ብንመርጥዎት ምን ያደርጉልናል?› አለኝ። ‹ለእናንተ ደሜን አፍስሻለሁ› አልኩት። ‹ጋሼ፣ ለደሙ አላህ ይስጥልን፤ እኔ የጠየቅኩዎት የቤንዚን ሰልፉን ነው› ብሎኝ ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ይሄ ትውልድ ነው ውለታ ቢስ የሆነው ወይስ እኔ ነኝ ያልገባኝ? ልወዳደር ወይስ ልተወው? ፖስተሬ ላይስ የደንብ ልብስ የለበስኩበትን ፎቶ ባደርግ ምን ይመስልሻል?»

ወንድሜ ሻምበል፣

እትዬ ካልከኝ እኔም አንተ እያልኩ ልቀጥል። ከባጃጁ ልጅ ልጀምር፣ ምክንያቱም ደብዳቤህ ውስጥ ከሁሉም የሚበልጠው ነገር እሱ ነው። አንተ ግን እንደ ስድብ ቆጥረህ አልፈኸዋል።

ልጁ ውለታ ቢስ አይደለም። አላህ ይስጥልን ብሎሃል እኮ! አመስግኖህ ሲያበቃ ጥያቄውን ደገመልህ። ከጠዋት ጀምሮ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ፣ ሰልፉ ሳይደርሰው ቀርቶ፣ መንገድ ዳር በሃይላንድ የሚሸጠውን ቤንዚን በውድ ገዝቶ የሚሠራ ልጅ ነው። ማታ ለባጃጁ ባለቤት ገቢ ያደርጋል። እሱ የጠየቀህ ስለ ነገ ነው። አንተ የመለስክለት ስለ 1991 ነው።

ታዲያ ሰው ለምን ሳቀ? በአንተ ቁስል አይደለም የሳቀው፣ ያ ነውር ነው፣ ጅማ ላይ ማንም አያደርገውም። የሳቀው ልጁ ሁሉም በሆዱ የያዘውን ስለተናገረለት ነው።

አሁን ትንሽ የሚቆረቁር ነገር ልንገርህና ታገሰኝ። ድምፅ በደም የሚከፈል ዕዳ ከሆነ ወረፋው ረጅም ነው። እዚያው ቆጪ ውስጥ በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን ባዶ እጁን የገባ የደርግ ወታደር አለ። ማን ምን ከፈለው? ልጇ በ1990 ሄዶ በ1992 መርዶው የመጣባት እናት አለች። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ሰሜን ላይ በነበረው ጦርነት ልጁን ያጣ አባት አለ፣ ምናልባት ዕድር ላይ አጠገብህ የሚቀመጠው እሱ ነው። እነዚህ ሰዎች ፊት ቆመህ ደሜን አፍስሻለሁ ስትል ምን እንደሚሰማቸው አስበኸው ታውቃለህ? አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም ይሉሃል። ዝምታቸውን ደግሞ አንተ እንደ ድምፅ ትቆጥረዋለህ።

የዕድሩም «ጸጥታ!» እንደዚሁ ነው። ቤቱ ቀጥ ያለው የሻምበል ድምፅ ስለሰማ ነው። ጸጥ ያሰኘኸው ሰው ሁሉ ሊመርጥህ ተስማማ ማለት አይደለም። የምርጫ ጣቢያው ውስጥ መጋረጃው ጀርባ ሲገባ ማንም አያዝዘውም፣ እዚያ የልቡን ያደርጋል። ደግሞ ወደ ጨፌ የሚገባ ሰው ጸጥታ የሚለው ማንን ነው? መቀመጫው 537 ነው። አንተ ከ537 አንዱ ትሆናለህ። እጅህን አውጥተህ፣ አፈ ጉባኤው ዕድል ሲሰጥህ ተናግረህ፣ ተቃውመህ፣ ተሸንፈህ፣ በነጋታው እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። ይሄን ካልወደድከው ከአሁኑ ተወው። ማንም አይፈርድብህም።

ከወደድከው ግን ወንበሩ ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል እወቅ፣ ምክንያቱም ቅስቀሳ ላይ አፍ ዳገት አይፈራም፣ በኋላ የሚጠየቀው ሰውየው ነው። ጨፌ የክልሉን ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የክልሉን ፕሬዚዳንት ይመርጣል፣ የክልል ፍርድ ቤት ዳኞችን ይሾማል፣ የቢሮ ኃላፊዎችን ጠርቶ ይጠይቃል። የጅማ ከተማ የውስጥ መንገድና ቦይ በመጀመሪያ የከተማው አስተዳደር ጣጣ ነው። ከጅማ በአጋሮ አድርጎ ወደ በደሌ የሚወስደው ትልቁ መንገድ የፌዴራል ነው። ማና ወረዳ ያለ ገበሬ የእሸት ቡናው ዋጋ ወረደብኝ ብሎ ሲጠይቅህ፣ ወደ ውጭ የሚላክ ቡና ሕጉ የፌዴራል፣ ዋጋው ደግሞ ግማሹ የዓለም ገበያ መሆኑን ሳትሸሽ ንገረው። ከዚያ በክልሉ እጅ ያለውን ንገረው። የግብርና ባለሙያ፣ የገጠር መንገድ፣ የመሬት አስተዳደር፣ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን የሚቆጣጠረው ቢሮ ክልሉ ቤት ናቸው።

ለባጃጁም ልጅ መልሱ ይሄው ነበር። «ልጄ፣ ቤንዚን የሚገባውም ዋጋው የሚወጣውም በፌዴራል ነው፣ በዚያ አልዋሽህም። ማደያው የደረሰው ቤንዚን ሌሊት በጀሪካን የት እንደሚሄድ መቆጣጠር ግን የንግድ ቢሮዎቹም ሥራ ነው፣ እኔ ጨፌ ከገባሁ የክልሉን ቢሮ ኃላፊ ተነስቼ እጠይቀዋለሁ።» አለቀ። ልጁ ይምረጥህ አይምረጥህ አላውቅም፣ ሞተሩን ግን አጥፍቶ ያዳምጥህ ነበር።

እዚህ ላይ ደብዳቤህ ውስጥ በግማሽ ዓረፍተ ነገር ዘለህ ወዳለፍካት ነገር ልመለስ። ስንቅና ትጥቅ።

ሻምበል፣ ስለ ቁስልህ ጽፈሃል፣ ስለ ጓዶችህ ጽፈሃል፣ ስለ ክብርህ ጽፈሃል። ስንት ዓመት የሠራህበትን ሥራ ግን «ተመደብኩ» ብለህ ብቻ አለፍከው። እኔ መራጭ ብሆን የሚያስነሳኝ እሱ ነው። አብዬ የነበረው የተባበሩት መንግሥታት ጦር በ2003 ሲቋቋም ከሞላ ጎደል የእኛ ልጆች ነበሩ። ያ አገር ክረምት ሲገባ መሬቱ ጥቁር ጭቃ ሆኖ መኪና ይውጣል፣ መንገዱ ለወራት ይዘጋል። መንገዱ ሳይዘጋ ዱቄቱ፣ ዘይቱ፣ ነዳጁ፣ መድኃኒቱ ተቆጥሮ ካልገባ ጦሩ ጦሙን ያድራል። ያንን ያስገባው ማን ነው? ስንቅ መዝገብ ላይ ሃምሳ ኩንታል ተብሎ መጋዘን ውስጥ አርባ ስምንት ሲገኝ ሁለቱ የት ሄደ ብሎ ሌሊት የሚቆጥረው ማን ነው? አንተው ነህ።

እና ጨፌ ውስጥ የሚጎድለው ምን ይመስልሃል? ንግግር አዋቂ ሞልቷል። የበጀት ሰነድ ሲታደል ገጹን ገልጦ «ይሄ ጤና ጣቢያ አምና ተጠናቀቀ ተብሏል፣ ዘንድሮ ለምን እንደገና ገንዘብ ተያዘለት?» የሚል ሰው ነው ብርቅ የሆነው። የክልሉ ዋና ኦዲተር ሪፖርቱን የሚያቀርበው ለጨፌ ነው። ሪፖርቱን በርዕሱ ሳይሆን በቁጥሩ የሚያነብ አባል ቢገኝ እኮ ስንቱ ይንቀጠቀጣል። ሕዝባችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ የተረተው ያለ ነገር አይደለም፣ እጩ ሲያይ መጀመሪያ የሚያስበው ይሄም ሊበላ ነው ብሎ ነው። አንተ የመጋዘን ቁልፍ ይዘህ ኖረህ፣ ከአንዲት ቦታ በቀር ሳትይዝ የወጣህ ሰው ነህ። ይሄንን ንገራቸው። ሳትፎክር፣ እንደ ሥራ ታሪክ፣ ልክ ለእኔ ዝም ብለህ እንዳለፍከው ሳይሆን ዘርዝረህ።

አንድ ነገር ግን አለ። ይሄን ሁሉ የምትናገረው በአፋን ኦሮሞ ነው። የምርጫ አዋጁ፣ 1162/2011፣ ዕጩው የሚወዳደርበትን ክልል የሥራ ቋንቋ እንዲያውቅ ይጠይቃል። አንተ ሰቃ የተወለድክ ልጅ ስለሆንክ ይሄ አያሳስብህም ብለህ ይሆናል። ግን ሃያ ምናምን ዓመት ሠራዊት ውስጥ ያዘዝከውም የታዘዝከውም በአማርኛ ነው፣ ይሄው ለእኔም የጻፍክልኝ በአማርኛ። ገበያ ላይ ሰላምታ መለዋወጥ አንድ ነገር ነው፣ ስለ በጀትና ስለ ኦዲት ተነስቶ መከራከር ሌላ። የጨፌ ስብሰባ አዳማ አባ ገዳ አዳራሽ ሲደረግ በቴሌቪዥን ተከታተል። ሬዲዮ ስማ። ማታ ማታ ከልጆችህ ጋር ተለማመድ፣ ቋንቋውን ትምህርት ቤት የተማሩት እነሱ ናቸው። ቢስቁብህም ይሳቁ፣ ቤት ውስጥ ይሻላል።

ፓርቲ ወይስ በግል? እዚህ ላይ በግልጽ ላውራህ። ጅማ ላይ አንድ ወታደር ፖለቲካ ሲገባ ሰው ወዲያው የሚጠቅሰው የበሻሻውን ልጅ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ ከሠራዊቱ በሌተናል ኮሎኔልነት ወጥተው በ2002 ከአጋሮ ፓርላማ ሲገቡ ከኋላቸው ድርጅት ነበራቸው፣ ያኔ ኦሮሚያን ይመራ የነበረው ኦሕዴድ። ስለዚህ እሱ ለአንተ ምሳሌ አይሆንህም። ለአንተ የሚቀርቡት መቶ አለቃ ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ናቸው። በ1992 ከምዕራብ ሸዋ፣ ከበቾ፣ በግል ተወዳድረው ፓርላማ ገቡ፣ በ1994 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳም ከፕሬዚዳንትነት ከወረዱ በኋላ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ቀርበው አሸንፈዋል። ስለዚህ ኦሮሚያ ውስጥ በግል አይቻልም የሚልህን አትስማ። ግን ልብ በል፣ ሁለቱም ቀድሞ ስም የነበራቸው ሰዎች ናቸው። መቶ አለቃ ግርማ በጃንሆይ ጊዜም የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ነበሩ።

ያለፈውንም አትርሳ። በ2013ቱ ምርጫ ተቃዋሚ ፓርቲዎቹ ኦነግና ኦፌኮ ራሳቸውን አግልለው ኦሮሚያ ላይ ፉክክሩ ምን ያህል የሳሳ እንደነበር አንተም እዚሁ አይተኸዋል፣ ወይም ጓዶችህ ነግረውሃል። በግል የሚቀርብ ሰው የድጋፍ ፊርማ ያሰባስባል፣ ታዛቢ ራሱ ይመድባል፣ ስልኩን ራሱ ያነሳል። አንድ የሚያግዝህ ነገር ግን አለ፣ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኦሮሚያ ውስጥ 178 የምርጫ ክልሎች አሉ፣ የጨፌ መቀመጫ 537። አካፍለው፣ አንድ የምርጫ ክልል ወደ ሦስት ሰው ይልካል ማለት ነው። ስለዚህ ለጨፌ የሚመርጥ ሰው ከአንድ በላይ ዕጩ ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል። የሌላ ፓርቲ ደጋፊ ቢሆንም ለአንተ አንዱን ምልክት ሊቆጥብልህ ይችላል። ታዲያ ለምን ትጣላዋለህ? ማንንም አትስደብ። «የእናንተን ሰው ምረጡ፣ አንዷን ለእኔ» በል።

ፓርቲው ደግሞ ተመልሶ ከመጣ አንድ ጥያቄ ጠይቃቸው። ገብቼ የማላምንበት በጀት ሲመጣ እጄን ባላወጣ ምን ትሉኛላችሁ? ከተንተባተቡ የፈለጉት ማዕረግህን ነው፣ ፖስተር ላይ ያምራል። ደህና መልስ ከሰጡህ ግን በግል ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አትበል። ብቻህን ሮጠህ ከመቅረት ከሰው ጋር ሆኖ መግባትም ክብር አይነካም።

አሁን ወደ ባለቤትህ። እሷ ልክ ናት። ሕጉም ከእሷ ጋር ነው፣ የጋራ ቤትና ቦታ ያለ ሁለታችሁ ስምምነት አይሸጥም። ግን ሕግ ባይኖርም ልክ ናት። ሃያ ምናምን ዓመት አንተ ግንባር ስትሆን ልጅ ያሳደገችው፣ ስልክ ሲጠራ ልቧ የሚቆመው፣ ደመወዝህ ሲዘገይ ከጎረቤት ተበድራ ምድጃ ያነደደችው እሷ ናት። አሁን መጣሁልሽ ብለህ አራት ዓመት ሳይሞላህ ቦታችንን ለፖስተር ልሽጥ ስትላት ምን እንድትልህ ነበር? ደግሞ አስብበት፣ የጨፌ አባልነት አብዛኛው ሰው ከራሱ ሥራ ጋር የሚይዘው ነገር ነው፣ ጉባኤው በዓመት የተወሰነ ጊዜ ነው የሚጠራው። ቦታ ሸጦ የገባ ሰው ገንዘቡን ከየት ሊመልስ ነው? ሰው ይሄን ሒሳብ ከአንተ ቀድሞ ይሠራዋል። «ቦታውን ሸጦ ገባ» ከተባልክ መዝገብህ ንጹሕ ነው ብለህ የተናገርከው ሁሉ ገደል ገባ።

ለክልል ወንበር ያን ያህል ገንዘብ ያስፈልጋል ማን አለህ? ሕጉ ለተወዳዳሪዎች በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ነፃ የአየር ሰዓት ይሰጣል። ጅማ ሰው በእግር የሚደረስበት ከተማ ነው። ሐሙስ ገበያ ሄርማታ ውረድ። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ቆሞ ሲያወራ አብረህ ቁም። መርካቶ ቡና ነጋዴዎቹ ጋ፣ ጅሬን ሽማግሌዎቹ ጋ፣ ፈረንጅ አራዳ መምህራኑ ጋ ሂድ። ንግግር አታድርግ፣ ደብተር ይዘህ ጠይቅ፣ የሚሉህን ጻፍ። ስንቅ ቆጣሪ አይደለህ? በየቀበሌው ምን እንደጎደለ ቁጠር። ውሃ የት ቦታ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ የትኛው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ከውጭ ግዙ ይላል። ያ ደብተር ከማንኛውም ፖስተር ይበልጥልሃል፣ ዋጋው ደግሞ የአንድ ማኪያቶ ነው።

ባለቤትህን ግን ማስፈረም ሳይሆን ማማከር ጀምር። ከእሷ ጋር ወሰን አብጁ፣ ከጡረታው ይሄን ያህል፣ ከዚያ በላይ አንድ ብር አይወጣም ብላችሁ። ካልተስማማች ደግሞ ዘንድሮ ይቅር። ምርጫ በየአምስት ዓመቱ ይመጣል።

ስለ ጓዶችህ አንድ ቃል። ስድስት ሰባት የቀድሞ ወታደር ሰብሰብ ብሎ ሰው ቤት ሲገባ እናንተ ቡና ልንጠጣ ገባን ትላላችሁ፣ የቤቱ እመቤት ግን ምን መጣብኝ ትላለች። በተናጠል ይሂዱ፣ እያንዳንዱ ወደሚያውቀው ሰው። ሠራዊቱ ውስጥ ገና በሥራ ላይ ያሉት ግን ጭራሽ አይጠጉህ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 87 ላይ መከላከያ ከማንኛውም የፖለቲካ ድርጅት ወገንተኝነት ነፃ ሆኖ ይሠራል ይላል። አንተ ተሰናብተሃል፣ መብትህ ነው። እነሱ አልተሰናበቱም።

የደንብ ልብሱም ነገር ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ያ ልብስ የግልህ አይደለም፣ የሁሉም ነው፣ የሚመርጥህም የማይመርጥህም ልጅ ለብሶት ያውቃል። ደግሞ ላለፉት ዓመታት ኦሮሚያ ውስጥ ያየነውን አይተናል። የወታደር ልብስ ሲያዩ ደረታቸው የሚነፋ ሰዎች አሉ፣ የልጃቸው ፊት የሚመጣባቸው እናቶችም አሉ። አንተ ምንም ባታጠፋም ፎቶህ የሚሰቀለው በእነሱም በር ላይ ነው። ስለዚህ አይሆንም።

«ሻምበል» የሚለውን ግን ከስምህ ፊት ተወው፣ ሠርተህ ያገኘኸው ነው፣ መቶ አለቃ ግርማም «መቶ አለቃ» እንደተባሉ ነው ቤተ መንግሥት የገቡት። ለፎቶው አንድ ደህና ሸሚዝ ልበስ። ሸሚዙን ባለቤትህ ትምረጥልህ፣ አንተ ከመረጥከው ካኪ ነው የሚሆነው።